ባልጩቱ ከየት መጣ? «ድንጋይን ዓይን እንጂ ቤተ ሙከራ አያውቀውም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያዎች ጥናት ሰሞኑን የወጣ አንድ ጽሑፍ አነበብሁ። ጸሐፊው የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ ዕድሜውን ከድንጋይ ጋር ያሳለፈ ባለሙያ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ በዓይኑ ይለያል፤ ቤተ ሙከራ በዕድሜ ልኬት ደጋግሞ ስለተሳሳተ አይታመንም፤ ምርመራው ቅርሳችንን እየፈጨ ያጠፋል፤ የኬሚስትሪ ቁጥር ስለ ሰው የሚነግረን ነገር የለም፤ በማይክሮስኮፕ የሚታየው የአገልግሎት ምልክትም ግምት ነው። በመጨረሻም ስለ ድንጋይ መጠየቅ ያለባቸው ዛሬም በድንጋይ ቆዳ የሚፍቁት የኮንሶ እናቶች እንጂ የምርመራ መሣሪያዎች አይደሉም ይላሉ። ጽሑፉ ለቅርስ ከመቆርቆር የመነጨ መሆኑ ያስታውቃል፤ ከነጥቦቹ በአንዳንዶቹ ውስጥም እውነት አለ። እውነቱ የተቀላቀለበት ስህተት ግን ቀላል ስላልሆነ ነጥቦቹን በየተራ ለማየት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ባለሙያ ዓይን ብዙ ነገር ይለያል። በእጅ የተጠረበውን ከገደል ተንከባሎ ከተሰበረው መለየት፣ የምቱ ነጥብ የቱ ጋ እንዳረፈ ማየት፣ ጠራቢው የትኛውን ስንጣሪ አስቀድሞ እንዳወጣ መከተል የዓይንና የእጅ ሥራ ነው፤ ይህን የሚተካ መሣሪያ አላውቅም። ድንጋዩ ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ ግን ዓይን ደካማ ምስክር ነው፤ ባልጩትም ይህን በሚገባ ያሳየናል። ባልጩት፣ የሙያው ሰዎች ኦብሲዲያን የሚሉት፣ ሲሊካ የበዛበት ቅልጥ አለት ማዕድናት ለመሥራት ፋታ ሳያገኝ ፈጥኖ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር የእሳተ ገሞራ መስታወት ነው። በስምጥ ሸለቆውና በዳርቻው ምንጮቹ ብዙ ናቸው። ከአንዱ የሚወጣው ጥቁር ነው፤ ከሌላውም የሚወጣው ጥቁር ነው። ስስ ጠርዙን ወደ ብርሃን ሲያነሡት አረንጓዴ የሚመስለው ዓይነትም የአንድ ተራራ ብቻ ሀብት አይደለም። በአንጻሩ በአንድ ፍሰት ውስጥ ጥቁሩ፣ ግራጫውና ባለመስመሩ ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ። ተማሪ ሳለሁ አንድ ሳጥን ሙሉ የባልጩት ስንጣሪ በቀለምና በአንጸባራቂነት ለይቼ «እነዚህ ሦስት ምንጮች ናቸው» ብዬ በልበ ሙሉነት አስረክቤ ነበር። ልኬቱ ሲመጣ ሦስቱም ክምር የአንድ ምንጭ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ባልጩት ምንጭ በቀለም ብቻ ፍርድ ሰጥቼ አላውቅም።

ቤተ ሙከራው ይህን የሚለየው በምን እንደሆነ ጸሐፊው ስላላብራሩት ጥቂት ልበል። ቅልጡ አለት ከመፍሰሱ በፊት ከምድር በታች ሲቆይ ከውስጡ ማዕድናት እየጠጠሩ ይወጣሉ። ፌልድስፓር የሚባለው ማዕድን ሲወጣ ስትሮንሺየምን ይዞ ይሄዳል፤ ዚርኮኒየምና ኒዮቢየም ግን በአብዛኛው በፈሳሹ ውስጥ ይቀራሉ። እያንዳንዱ እሳተ ገሞራ የራሱ የመጥጠርና የመቆየት ታሪክ ስላለው፣ በመጨረሻ በሚፈሰው መስታወት ውስጥ የሚቀሩት የሩቢዲየም፣ የስትሮንሺየም፣ የኢትሪየም፣ የዚርኮኒየምና የኒዮቢየም መጠኖች ከምንጭ ምንጭ ይለያያሉ። በኤክስሬይ ፍሎረሰንስ ምርመራ ጨረሩ ከአተሙ ውስጠኛ ክፍል ኤሌክትሮን ሲያስወጣ ሌላ ኤሌክትሮን ቦታውን ይሞላል፤ በዚያን ጊዜ የሚለቀቀው ጨረር ጉልበት ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር የተለየ ነው። የሚለካው ይኸው ነው። ዓይን የሚያየው ቀለም በአብዛኛው በጥቃቅን አረፋዎች፣ በብረት ሁኔታና በደቂቅ ጠጣሮች የሚመጣ ስለሆነ ከምንጩ ማንነት ጋር የግድ አይገናኝም።

ውጤቱ ምን እንደሚመስል ከድሬዳዋ አጠገብ ካለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ማየት ይቻላል። በዚያ ከተገኙት የመካከለኛው የድንጋይ ዘመን መሣሪያዎች ውስጥ ባልጩቱ ጥቂቱ ነው። አጋዚ ነጋሽና ስቲቨን ሻክሊ በ2006 ባወጡት የኬሚስትሪ ጥናት የዋሻው ባልጩት ከአሰቦት፣ ከአየሉና ከኮኔ ምንጮች ጋር እንደሚገጥም አሳዩ። አሰቦትና አየሉ ከዋሻው በቀጥታ መስመር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ፤ በመተሐራ በኩል ያለው ኮኔ ደግሞ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማንም ባለሙያ፣ ዓይኑ የቱንም ያህል ቢሠለጥን፣ አንዲት ጥቁር ስንጣሪ አንሥቶ «ይህች ከኮኔ ናት» ቢለኝ በምን ላምነው እችላለሁ? እርሱ ራሱ ቢሳሳትስ ስህተቱን በምን ያውቀዋል? ከጸሐፊው ጋር የምለያየው ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ነው። የልኬት ዋጋው ከሌላ ሰው፣ ከሌላ መሣሪያ፣ ከሌላ አገር ቤተ ሙከራ ጋር ተመዛዝኖ ውሸት ሊባል መቻሉ ነው። የኬሚስትሪ ምርመራ «ከሚታወቁት ምንጮች ከአንዱም ጋር አይገጥምም» የሚል መልስም ይሰጣል፤ ዓይን ግን ይህን መልስ ሲሰጥ አይቼ አላውቅም።

በዓይን ላይ ብቻ መተማመን የሚያመጣውን ጉዳት ጃፓን አይታዋለች። ሺኒቺ ፉጂሙራ የተባለ ቆፋሪ ለዓመታት በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ዕድሜ ባላቸው ንጣፎች ውስጥ የድንጋይ መሣሪያዎችን «ሲያገኝ» ባለሙያዎች አይተው አጽድቀውለት ነበር። በ2000 አንድ ጋዜጣ ራሱ ሲቀብራቸው የሚያሳዩ ፎቶግራፎችን አወጣ። ከዚያ በኋላ መሣሪያዎቹ አንድ በአንድ ሲመረመሩ በብዙዎቹ ላይ ከእርሻ መሬት የተለቀሙ ድንጋዮች የሚይዙት የብረት ዝገት ጭረት ተገኘ። ከጥልቅና ካልተነካ ንጣፍ የወጣ ዕቃ ማረሻ ሊነካው አይችልም። ምልክቱ ከመጀመሪያውም ድንጋዩ ላይ ነበር፤ የታየው ግን በሥርዓት ሲፈተሽ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የዕድሜ ልኬት ነው። ጸሐፊው «የጎናን መሣሪያዎች ለክተው 2.6 ሚሊዮን ዓመት አሏቸው» ብለው ከጻፉ በኋላ ልኬቱን ይነቅፋሉ። የጎናን መሣሪያ ማንም ለክቶ ዕድሜ አልሰጠውም፤ ሊሰጠውም አይችልም። የድንጋዩ ዕድሜ ድንጋዩ የተፈጠረበት እንጂ የተጠረበበት ጊዜ አይደለም። መልካ ቁንጡሬ አጠገብ ባልጪት ከሚባለው ቦታ የሚገኘው ባልጩት ከፈሰሰ ከ4 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከእርሱ የተጠረበው የእጅ መጥረቢያ ግን 1.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። በአፋር ጎና ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቻቸው በ1997 ያሳተሙት ጥናት የተመሠረተው በመሣሪያዎቹ ዙሪያ ባለው ደለል ላይ ነው። ከበላያቸው ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ በአርጎን ልኬት፣ ማለትም በአመዱ ጠጣሮች ውስጥ ፖታሲየም እየፈረሰ የሠራውን አርጎን በመለካት፣ 2.52 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ከሥራቸው ደግሞ የምድር መግነጢስ አቅጣጫ የተገለበጠበት፣ በመላው ዓለም የሚታወቅና 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነ ወሰን አለ። መሣሪያዎቹ በሁለቱ መካከል ናቸው። አንዱ ማስረጃ የአተሞችን መፍረስ፣ ሌላው የመግነጢስን አቅጣጫ የሚከተል ስለሆነ፣ ሁለቱ በአንድ ዓይነት ስህተት አብረው የመሳሳታቸው ዕድል እጅግ ጠባብ ነው።

ጸሐፊው ለልኬት አለመታመን ዋና ማስረጃ አድርገው ያቀረቡት በኬንያ ኩቢ ፎራ የሚገኘውን ኬቢኤስ የተባለውን የአመድ ንጣፍ ነው። ታሪኩ እውነት ነው፤ ግማሹን ብቻ ግን ተርከውታል። በ1969 ተመራማሪዋ ኬይ ቤረንስማየር በዚያ ንጣፍ ውስጥ የድንጋይ መሣሪያዎችን አገኘች፤ ኬቢኤስ የሚለውም «የኬይ ቤረንስማየር ሥፍራ» የሚለው የእንግሊዝኛ ስም ምህጻር ነው። በ1970 የወጣው የተመራማሪዎቹ የፊችና የሚለር ልኬት ለአመዱ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሰጠ። ተቃውሞው የመጣው በከፊል ከእኛ ምድር ነው። በኦሞ ሸለቆ ሹንጉራ በሚባለው አካባቢ የተደረደሩት ንጣፎች ዕድሜ በየደረጃው ስለሚታወቅ፣ ከኬቢኤስ ሥር የወጡት የአሳማ ቅሪቶች ከኦሞ አሳማዎች ጋር ሲነጻጸሩ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ካላቸው ጋር ገጠሙ። በ1975 በሌላ ቤተ ሙከራ የተደረገ ልኬትም 1.8 ሚሊዮን ዓመትንና ከዚያ ያነሰ ዕድሜን አመለከተ። አመዱ በውሃ ተጠርጎ የተከማቸ በመሆኑ የቆዩ ጠጣሮች ተቀላቅለውበት ነበር፤ የተሳሳተው ዕድሜም በከፊል ከዚያ የመጣ ነው። በ1979 ደግሞ የአመዱ መስታወት ኬሚስትሪ ከሹንጉራ ኤች-2 ንጣፍ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ማለትም ሁለቱ የአንድ ፍንዳታ አመድ ናቸው። ቀጥሎ የተደረጉት ጥንቃቄ የተሞላባቸው ልኬቶች ዕድሜውን 1.88 ሚሊዮን ዓመት ላይ አጸኑት።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ስህተቱ የቤተ ሙከራ ስህተት ነው፤ እስማማለሁ፤ አሥር ዓመት ያህል ክርክር ማስነሣቱም እውነት ነው። ያረሙት ግን የአጥንት አጥኚዎች ዓይን፣ ሌላ ቤተ ሙከራና የመስታወት ኬሚስትሪ ተባብረው ነው። ጸሐፊው ከሦስቱ አንዱን አንሥተው ሁለቱን መጣላቸው ለራሳቸው መከራከሪያም አይጠቅምም፤ አሳማዎቹ ብቻቸውን ጥርጣሬን ያስነሣሉ እንጂ 1.88 የሚል ቁጥር አይሰጡም። በዝዋይ ሐይቅ ምዕራብ ያለው ጋዴሞታም እንዲሁ ነው። በ1970ዎቹ ለባልጩት መሣሪያዎቹ የተሰጠው ዕድሜ ከ200 ሺህ ዓመት በታች ነበር፤ በ2008 በአርጎን ዘዴ እንደገና ሲለካ ከ276 ሺህ ዓመት በላይ ሆነ። ጸሐፊው ይህን «ቁጥሩ እንደ ነፋስ ይለዋወጣል» ብለው ነቅፈውታል። የተለወጠው ግን በተሻለ ዘዴ፣ ምክንያቱ ተጽፎና ለሁሉም ተገልጦ ነው።

አንድ ነገር ግን ያለማወላወል እቀበላቸዋለሁ። ባልጩት ከአየርና ከአፈር ውሃ እየሳበ በላዩ የሚሠራውን ስስ ንጣፍ በመለካት ዕድሜ መስጠት ብዙ አሳስቷል። የንጣፉ ውፍረት በሙቀት፣ በእርጥበትና በመስታወቱ ኬሚስትሪ ስለሚለወጥ፣ ድንጋዩ ባለፉት አሥር ሺዎች ዓመታት ምን ያህል ሙቀት እንዳየ ሳይታወቅ የሚወጣ ቁጥር ዕድሜ ነው ለማለት ይከብዳል። በዚህ ዘዴ ብቻ የተሰጡ የአፍሪካ ቀኖችን እኔም በጥርጣሬ ነው የማያቸው።

ሦስተኛው፣ «ቅርሱ ይፈጫል» የሚለው፣ ብዙ አያቆየንም። ለአርጎን ልኬት የሚወሰደው ከአመዱ የተለቀሙ ጠጣሮች እንጂ መሣሪያው አይደለም። የኤክስሬይ ምርመራ ድንጋዩን ሳይነካ በደቂቃዎች ያልቃል፤ በእጅ የሚያዘው ዓይነት ሙዚየም ድረስ ሄዶ ይሠራል። የሌዘር ምርመራ በዓይን የማይታይ ነጥብ ይተዋል። ቁራጭ የሚጠይቀውና ናሙናውን ለጊዜው ጨረር አመንጪ የሚያደርገው የኒውትሮን ዘዴ ነው፤ እርሱንም ለማይተካ ዕቃ ባንጠቀም ደስ ይለኛል። ናሙና ከአገር ሲወጣ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት ፈቃድ ማስፈለጉም ተገቢ ነው። ጸሐፊው የሚያሳስባቸው ይህ ከሆነ መጠየቅ ያለባቸው የምርመራ መሣሪያው ወደ አዲስ አበባ እንዲመጣ እንጂ ምርመራው እንዲቀር አይደለም።

አራተኛው ነጥብ፣ «ኬሚስትሪ ስለ ሰው አይናገርም» የሚለው፣ ሰፊ መልስ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ጥናቱ የሚካሄደው ስለ ሰው ለማወቅ ነው። ጸሐፊው ባልጩት 250 ኪሎ ሜትር መጓዙ አንድ ሰው ተሸክሞት ይሁን ከእጅ ወደ እጅ ተቀባብለውት አይነግረንም ይላሉ። ቁጥሩ ብቻውን አይነግረንም፤ ትክክል ናቸው። ቁጥሩ ሳይኖር ግን ጥያቄውም አይኖርም። በኬንያ ኦሎርጌሳይሌ 300 ሺህ ዓመት ገደማ በሆኑ ንጣፎች የተገኘው ባልጩት ከ25 እስከ 50፣ አልፎ አልፎም እስከ 95 ኪሎ ሜትር ከራቁ ምንጮች መምጣቱ በ2018 ተገልጧል፤ በቦታው ከዚያ በፊት የነበሩት ጠራቢዎች ደግሞ በአብዛኛው በቅርብ ባለ ድንጋይ ይጠቀሙ ነበር። በሁለቱ መካከል የተለወጠው የሰው ኑሮ ነው። የለውጡ ምክንያት ያከራክራል፤ ለውጡ መኖሩን ግን ያሳየው ኬሚስትሪ ነው።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው መልካ ቁንጡሬ ደግሞ ቤተ ሙከራና ዓይን እንዴት አንድ ላይ እንደሚሠሩ ያሳያል። የባልጩቱ ምንጭ በስተሰሜን 7 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ባልጪት ነው፤ የቦታው ስም ራሱ የድንጋዩን ስም ያስተጋባል። ኬሚስትሪው የጥንቶቹን መሣሪያዎች ከዚህ ምንጭ ጋር አገናኝቷቸዋል። ሆኖም ሰዎቹ ምንጩ ድረስ ሄደዋል ማለት አይደለም። ወንዞች ባልጩቱን እያንከባለሉ እስከ አዋሽ ዳር ያመጡታልና የኬሚስትሪ አሻራው በሁለቱም ቦታ አንድ ነው። እዚህ ላይ ዓይን ይገባል፤ በመሣሪያው ጀርባ የቀረው ልጥ፣ ማለትም ያልተጠረበው የድንጋዩ የውጭ ሽፋን፣ በውሃ የተሞረደና የተድቦለቦለ ከሆነ ድንጋዩ የተነሣው ከወንዝ ዳር ነው። በሲምቢሮ 1.2 ሚሊዮን ዓመት ባለው ንጣፍ የተገኘው፣ በ2023 የተገለጸው የእጅ መጥረቢያ የሚጠረብበት ሥፍራ የተመሠረተው ወንዙ ባከማቸው የባልጩት ድንጋይ ላይ ነው። ባልጩት እንደ መስታወት የሚሰባበርና እጅ የሚቆርጥ በመሆኑ በዚያ ዘመን በትልልቅ የእጅ መጥረቢያ መልክ በብዛት መጠረቡ ስለ ጠራቢዎቹ ችሎታ ብዙ ይናገራል። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በ2024 በዓለም ቅርስነት በአንድነት መመዝገባቸው ምንጩንና የሥራ ቦታውን ነጣጥሎ ማየት እንደማይቻል ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

ባሌ ተራሮች ላይም እንዲሁ። ፊንጫ ሐበራ የተባለው የዓለት ሥር መጠለያ ከባሕር ወለል በላይ 3,469 ሜትር ላይ ነው፤ በዚያ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች እንደኖሩ በ2019 ታትሟል። ባልጩታቸው ከ4,200 ሜትር በላይ ካለው የዋሳማ ሸንተረር ጋር ገጠመ። በበረዶው ዘመን፣ የተራራው አናት በበረዶ ግግር በተሸፈነበት ወቅት፣ ከሚያድሩበትም በላይ ወጥተው ድንጋይ ያመጡ ነበር ማለት ነው። ይህ ስለ ሰው ካልሆነ ስለ ምን ነው?

አምስተኛው የአገልግሎት ምልክት ነው። አንድ ጠርዝ ሥጋ ሲቆርጥ፣ እንጨት ሲልግ ወይም ቆዳ ሲፍቅ የሚተወው ልስላሴና ጭረት እንደ ሥራው ይለያያል። በዚህ ዘርፍ ተመራማሪዎች ምን እንደሠራ ሳይነገራቸው መሣሪያ ተሰጥቷቸው ተፈትነዋል፤ የትኛው ጠርዝ እንደሠራ በደንብ ይለያሉ፣ እንቅስቃሴውን በመጠኑ፣ የተሠራበትን ነገር ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ ይስታሉ። ስለዚህ ጸሐፊው «ይህ መሣሪያ የሚዳቋ ቆዳ ፍቋል» የሚል ዘገባ ሲያነቡ ቢጠራጠሩ ልክ ናቸው። በጠርዝ ላይ ስለሚቀሩ የስታርች ቅንጣቶችም ጥንቃቄ ያሻል፤ ከተመራማሪዎቹ ጓንት ዱቄት የመጣ ስታርች ናሙና እንደሚበክል ታውቋል። ይህን ያወቁትና ያጋለጡት ግን ራሳቸው የዘርፉ ሰዎች ናቸው። ባልጩት ደግሞ ሌላ ማስረጃ ይዟል፤ ስንጥቁ በመስታወቱ ውስጥ ሲሮጥ የሚተዋቸው ጥቃቅን ክንፎች ማዕዘን የስንጥቁን ፍጥነት ለማስላት ያስችላል። ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቹ በ2013 በዚህ መንገድ ከ279 ሺህ ዓመት በላይ የሆኑ የጋዴሞታ ጫፎች የተወረወሩ ጦሮች ላይ እንደነበሩ ተከራክረዋል። ትርጓሜውን የሚጠይቁ አሉ፤ መጠየቅም አለበት፤ ነገር ግን ጥያቄው ስለ ተለካ ማዕዘን ነው።

በመጨረሻ የኮንሶ እናቶች። በኮንሶ በድንጋይ መፋቂያ ቆዳ የሚያለፉት ሴቶች መሆናቸው፣ ድንጋዩን ራሳቸው መርጠው ራሳቸው መጥረባቸው «የድንጋይ ጠራቢ ወንድ ነው» የሚለውን አሮጌ ግምት ያናጋ እውቀት ነው። ጸሐፊው ይህን በማንሣታቸው አመሰግናቸዋለሁ። ከቤተ ሙከራ ጋር ያቃረኑበትን ምክንያት ግን አልተረዳሁትም። የማይክሮስኮፕ ባለሙያ አንድን ጥንታዊ ጠርዝ ለመተርጎም የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት ሥራው በእርግጥ የሚታወቅ ጠርዝ ነው፤ ዛሬ ይህን መስጠት የሚችሉት እነዚህ እናቶች ናቸው። ድንጋዩን ያነሡበትን ቦታ እናቲቱ በስሙ ትነግረናለች፤ ከዚያ ቦታ የተነሣው ናሙና ይለካል፤ ቆዳ ሲፍቅ ቆይቶ የተጣለው መፋቂያም እርሷ ስንት ጊዜ እንደሳለችውና የትኛውን ቆዳ እንደፋቀችበት ተጽፎ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በዚያው በኮንሶ 1.75 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው የእጅ መጥረቢያዎች ከመሬት ወጥተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት የአካባቢው መፋቂያዎች ከእናቶቹ መፋቂያ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚመሳሰሉበትንና የሚለያዩበትን መጻፍ ይቻላል። ይህ ሥራ እናቶቹንም ማይክሮስኮፑንም ይፈልጋል፤ ከእናቶቹ መካከል ወጣቶቹ ይህን ሙያ እየተዉት ስለሆነም ጊዜ የሚሰጥ አይደለም።